ለአልሙኒየም ሥራ ሌዘር ልገዛ ነው፦ ጠመንጃ ሬይል ላይ የሚታሰረው ይሆነኛል?

አልሙኒየም ደሴ ፡ ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ የአልሙኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። እስከ ዛሬ የምለካው በ5 ሜትሯ የብረት ሜትር ነው። ሥራ ሲበዛ ግን ለልኬት ብቻ ሁለት ሰው መላክ ከበደኝ። አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ አንዱ ያነባል። ባለፈው ሳምንት ሆጤ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ረዳቴ የሜትሩን ጫፍ ሊይዝ ተንጠራርቶ እግሩ ሸርተት አለ። ለጥቂት ነው የተረፈው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌዘር መግዛት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ።

አሁን ፊቴ ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፒያሳ አንድ ሱቅ ያየሁት የእጅ ሌዘር ነው። 50 ሜትር ይለካል ይላል። ሁለተኛውን ያገኘልኝ አሜሪካ ያለው ያክስቴ ልጅ ነው። የሥራ ባልደረባው አዳኝ ነው። ጠመንጃው ሬይል ላይ (መነጽርና ሌላ ዕቃ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ብረት ነው) የሚያስረውን የሌዘር ርቀት መለኪያ በርካሽ ሊሸጠው ነው። እሱ ደግሞ 1000 ይለካል! ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እኔ የታየኝ እንዲህ ነው፦ 1000 የሚለካ 50ውን አያቅተውም። ማሰሪያውን ፈትቼ በእጄ ብይዘው ምን ይጎድለዋል? እስከ ቅዳሜ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። የምታውቁ ምከሩኝ።

የሐረጎ ልጅ ፡ ማክሰኞ ማታ 2:31

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሥራችን አንድ ነው። ረዳትህ እንኳን ተረፈ። መልስ ከመስጠትህ በፊት የዕቃውን ዝርዝር አስልከው። ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልግ። የሚለካው ትንሹ ርቀት ስንት ነው? ስህተቱስ ፕላስ ማይነስ ስንት ነው? ትልቁን ርቀት ለጊዜው እርሳው።

አልሙኒየም ደሴ ፡ ማክሰኞ ማታ 3:05

ላከልኝ። ትንሹ ርቀት 5 ያርድ ይላል። ስህተቱ ፕላስ ማይነስ 1 ያርድ። የጨረሩ ዓይነት 905 ናኖሜትር፣ ክላስ 1። 1000 ያልኩትም ያርድ ነው ለካ። ያርድ በሜትር ስንት ነው?

የሐረጎ ልጅ ፡ ማክሰኞ ማታ 3:12

አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ነው። እንግዲህ ቁጭ ብለህ አስላው። ትንሹ ርቀቱ 4 ሜትር ከ57 ነው። ያንተ መስኮት 1.20 ነው፣ 1.50 ነው። ጭራሽ አይነበብም ማለት ነው። ሳሎኑ 6 ሜትር ሆኖ ቢያነብልህ እንኳ ስህተቱ 91 ሳንቲም ነው። የመጸዳጃ ቤት መስኮት ሙሉውን 60 ሳንቲም አይደል? ስህተቱ ከመስኮቱ ይበልጣል። እኛ የምንጨነቀው ለ3 ሚሊ ሜትር ነው። ያክስትህን ልጅ አመስግነህ ይቅርብኝ በለው።

አልሙኒየም ደሴ ፡ ማክሰኞ ማታ 3:20

ገባኝ፣ ግን ገረመኝ። ለአዳኝ የተሠራ ውድ ዕቃ እንዴት ከኔ የብረት ሜትር ያንሳል? አዳኝስ በምን ሊጠቀምበት ነው?

የፊዚክስ መምህር ፡ ማክሰኞ ማታ 3:58

ጥያቄህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱም ሌዘር ይባላሉ እንጂ አለካካቸው ለየቅል ነው።

የአዳኙ ዕቃ አጭር የብርሃን ምት ይልካል። ምቱ ሄዶ አጋዘኑ ላይ ወይ ዛፉ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይሄዳል። ያንተን 1.50 መስኮት ደርሶ ለመመለስ 3 ሜትር ይጓዛል። ይህ የሚፈጅበት 10 ናኖ ሰከንድ ነው፤ የአንድ ሰከንድ አንድ መቶ ሚሊዮንኛ። ሰዓት ቆጣሪው በዚህ ፍጥነት አንድ ሁለት ናኖ ሰከንድ ቢስት 15 ወይም 30 ሳንቲም ስህተት መጣ ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለመለየት ደግሞ 7 ፒኮ ሰከንድ ገደማ መለየት አለበት፤ ፒኮ የናኖ አንድ ሺህኛ ነው። ለአዳኝ 300 ሜትር ሆነ 301 ሜትር ለውጥ የለውም። ስለዚህ ፋብሪካው ለዚያ አልደከመም። የደከመው ምቱ ሩቅ እንዲደርስ ነው።

የእጅ ሌዘር ሜትር ግን የጨረሩን ድምቀት በጣም በፍጥነት እያፈራረቀ ይልካል። ሞገድ አድርገህ አስበው። ከዚያ የተመለሰው ሞገድ ከሄደው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ያስተያያል። መንዙማ ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ? ጭብጨባው ከድቤው ትንሽ ከዘገየ ሰዓት ሳትይዝ በጆሮህ ትለየዋለህ። መሣሪያው የሚያደርገው እሱን ነው። በዚህ መንገድ አንድ ሚሊ ተኩል ስህተት ላይ መድረስ ይቻላል። በምትኩ የሚያጣው ግን ርቀት ነው። 50 ሜትር፣ 100 ሜትር ላይ ያበቃል።

ሬይል ላይ የሚታሰረው የሚወደድበት ሌላም ምክንያት አለው። በተተኮሰ ቁጥር የጠመንጃውን እርግጫ መቻል አለበት። ጨረሩ ከማነጣጠሪያው መነጽር ጋር አንድ ቦታ ላይ መውደቅ አለበት፤ ለዚያ የሚስተካከልባቸው ብሎኖች አሉት። ሬይሉ ራሱ ፒካቲኒ ይባላል። በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ደረጃ ሆኖ ወጣ። ጥርሶቹ በ10.01 ሚሊ ሜትር ልዩነት የተደረደሩ ናቸው፣ የስንጥቁ ስፋት 5.23 ሚሊ ሜትር ነው። የትኛውም ፋብሪካ የሠራው ማሰሪያ እንዲገጥም ተብሎ ነው። ሰውዬው የሚሸጠው ይህን ሁሉ ነው። አንተ ከዚህ ውስጥ የምትፈልገው አንድም የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። 905 ናኖሜትር በዓይን አይታይም። መስኮት ስትለካ ጨረሩ ፍሬሙ ላይ ይረፍ፣ ልስኑ ላይ ይረፍ ማወቂያ የለህም። የእጅ ሌዘር 635 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ቀይ ነጥቡን ታየዋለህ።

ትራንዚተሩ ፡ ረቡዕ ጠዋት 1:40

ከልኬቱ በፊት ሌላ ነገር አለ። ጉምሩክ ሥራ ላይ ነው የቆየሁት። ለጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ዕቃ በሰው ሻንጣ አስመጥቶ «ለመስኮት መለኪያ ነው» ማለት አያዋጣም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣ አገር ውስጥ ነው ያለነው። ካርቶኑ ላይ የጠመንጃ ሥዕል አለ፣ ማሰሪያው የጠመንጃ ነው። ፈታኙ የሚያየው እሱን ነው። ተሳክቶ ቢገባልህ እንኳ በየኬላው የሥራ ቦርሳህ ሲከፈት ምን ልትል ነው? ይዞልህ የሚመጣውንም ሰው አስብለት። ለሥራህ የማይሆን ዕቃ ይዘህ ጣጣ አትግዛ። የግንባታ ሌዘር ግን የግንባታ ዕቃ ነው፤ ማንም ምን ይዘሃል አይልህም።

አልሙኒየም ደሴ ፡ ረቡዕ ቀን 6:30

እግዜር ይስጥልኝ። ያክስቴን ልጅ ይቅርብኝ አልኩት። እንዲያውም ደስ አለው፣ ለመላኩ ሰው ቸግሮት ነበር።

አሁን የእጅ ሌዘሩ ላይ እንምጣ። ፒያሳ ሱቁ ውስጥ አራት ዓይነት አለ። 40 ሜትር፣ 50፣ 80፣ 100 የሚሉ። ሁለቱ ስማቸው የሚታወቅ ነው፤ ቦሽና ላይካ። ሁለቱ ስማቸውን ሰምቼው የማላውቅ ነው። ዋጋው በጣም ይራራቃል። በየቱ ልወስን?

ሰርቬየሯ ፡ ረቡዕ ማታ 1:22

ሰላም ወንድሜ። መንገድ ሥራ ላይ ሰርቬየር ነኝ፤ አሁን ሐይቅ መስመር ነው ያለሁት። እኔ ብሆን እንዴት እንደምገዛ ልንገርህ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 80 ወይም 100 አያታልልህ። ያ ቁጥር ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ የተለካ ነው። ፀሐይ ላይ፣ ጥቁር ወይም ሸካራ ነገር ላይ በጣም ይወርዳል። ያንተ ሥራ ደግሞ አብዛኛው ከ6 ሜትር በታች ነው። 40 ሜትሩ ይበቃሃል። ለርቀት የምትከፍለውን ትርፍ ብር ለጥራት ክፈለው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ። የማትጠቀምበትን ርቀት መግዛት ብክነት ነው።

ስህተቱን እይ። ፕላስ ማይነስ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ካለ ጥሩ ነው። ቦሽ ትንሹ ሞዴሉ፣ 20 ሜትር የሚለካው፣ 3 ሚሊ ነው የሚለው፤ ለቤት ዕቃ እንጂ ለፍሬም አልመርጠውም። አይ.ኤስ.ኦ. 16331-1 የሚል ጽሑፍ ካገኘህ ደግሞ ደስ ይበልህ። የእጅ ሌዘር ሜትር እንዴት እንደሚፈተን የሚደነግገው ደረጃ እሱ ነው። ላይካ በዚህ መስክ ቀዳሚ ነው፤ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ሌዘር ሜትር፣ ዲስቶ ብሎ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው እሱ ነው።

ከዚያ ጅራቱን እይ። አንዳንዱ ሌዘር ከኋላው የምትዘረጋ ትንሽ ብረት አለችው። እሷን ዘርግተህ የፍሬሙን ጥግ ውስጥ ትከትታለህ። ያለ እሷ ከጥግ ወደ ጥግ መለካት አትችልም፣ ምክንያቱም የመሣሪያው ጀርባ ሰፊ ስለሆነ ጥጉ ውስጥ አይገባም። አንተ ደግሞ መስኮቱ ስኳድራ (ጥጉ ሁሉ 90 ዲግሪ) መሆኑን የምታውቀው በሁለቱ ሰያፎች ነው። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ግድግዳው ተዛብቷል። ስለዚህ ለአልሙኒየም ሠራተኛ ጅራት ከ100 ሜትር ይበልጣል።

ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ፈትነው። እንዴት እንደሆነ ማታ ተረጋግቼ እጽፍልሃለሁ።

ጂብሰም ሰኞ ገበያ ፡ ረቡዕ ማታ 1:45

ስለ አረንጓዴው ምን ትላላችሁ? እኔ ጣሪያ ነው የምሠራው። ቀዩን ነጥብ ውጭ ላይ ፈልጌ ፈልጌ ነው የማገኘው።

የፊዚክስ መምህር ፡ ረቡዕ ማታ 2:10

ዓይናችን በደንብ የሚያየው አረንጓዴውን ነው፣ 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን። ስለዚህ በእኩል ጉልበት አረንጓዴው ነጥብ ከቀዩ በብዙ እጥፍ ደምቆ ይታያል። ልኬቱን ግን ትክክለኛ አያደርገውም። ባትሪም ይበላል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ለቤት ውስጥ ቀዩ በቂ ነው።

ቀዩም አረንጓዴውም በዓይን ደኅንነት ደረጃቸው ክላስ 2 ናቸው፣ ጉልበታቸው ከ1 ሚሊ ዋት በታች። ድንገት ዓይንህ ላይ ቢያርፍ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ትጨፍናለህ፣ እሱ ያድንሃል። ሆን ብለህ ትኩር ብለህ ካየኸው ግን አያድንህም። ልጆች ቤት ውስጥ እንዳይጫወቱበት አደራ።

የሐረጎ ልጅ ፡ ረቡዕ ማታ 2:40

ውጭ ለምትለኩ፦ ነጭ ካርቶን ወይም የተቆረጠ ነጭ ፎርማይካ ይዛችሁ ሂዱ። መድረሻው ላይ አስደግፉት። ነጥቡም ይታያል፣ ልኬቱም ቶሎ ይመጣል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ 10 ሜትር ስሻገር እኔ ያለ እሷ አልለካም። መስታወት ላይ ግን በጭራሽ አትለኩ። ጨረሩ ያልፋል ወይ ወደ ሌላ ይነጥራል፣ ቁጥር ግን ይሰጣችኋል። ክፋቱ ቁጥር መስጠቱ ነው።

እንግዲህ እኔ ላይ የደረሰውን ልናገር፣ ለአልሙኒየም ደሴ ይጠቅመዋል። ሌዘር በገዛሁ በሁለተኛው ወር ሸዋ በር አካባቢ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ያዝኩ። 14 መስኮት። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ለክቼ ጨረስኩ። ደስ አለኝ፣ በሜትር ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ወርክሾፕ ሄደን ቆረጥን። ገጠምን፣ ጥግ ጥጉን አሰርን። የመጀመሪያውን ፍሬም ይዘን ሄደን መስኮቱ ላይ አቆምነው። በጎኑ ጡጫዬ ገባ። ሁለተኛውን አመጣን፣ ያው ነው። ሦስተኛው ያው ነው።

ምን ሆኖ መሰለህ? ሌዘሩ ላይ ከየት ጀምሮ እንዲለካ የምትመርጥበት ቁልፍ አለ። ከኋላ ጠርዝ ወይም ከፊት ጠርዝ። እኔ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ስለካ እሱ ከፊት ጠርዙ ነበር የሚቆጥረው። ኪሴ ውስጥ ተነክቶ ይሁን ረዳቴ ነክቶት አላውቅም። መሣሪያው 11 ሳንቲም ነው። 1.48 የነበረው መስኮት 1.37 ሆኖ ተጻፈ። አሥራ አራቱም። የ6 ሜትሩን ዘንግ ስንት እንደቆረጥኩ አስበው። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበሩ፣ ጊዜ ጨመሩልኝ። ኪሳራው ግን የኔው ነው፤ ሁለት ወር ከፈልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሳይት እንደደረስኩ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነው። አንዱን መስኮት በብረት ሜትርም በሌዘርም እለካለሁ። ሁለቱ ከተስማሙ ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ። ስክሪኑ ላይ የምትታየዋን የጠርዝ ምልክት ሳላይ ቁልፉን አልጫንም። አንዳንዱ ሲጠፋና ሲበራ ወደ ኋላ ጠርዝ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ባለበት ይቆያል። የገዛኸው የትኛው እንደሆነ ሱቅ ውስጥ እያለህ እወቅ።

ጋሽ ቱንቢ ፡ ረቡዕ ማታ 3:30

ልጆቼ፣ ሳነብ ነው ያመሸሁት። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ደሴ ላይ ብዙ ግድግዳ አቁሜያለሁ። ልጄ ሌዘር ገዝቶልኛል፣ እጠቀማለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል። ሌዘሩ ርቀት ይነግርሃል እንጂ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን አይነግርህም። አንድ መስኮት አንድ ልኬት የለውም። ከላይ ለካ፣ ከመሃል ለካ፣ ከታች ለካ። ቁመቱንም በቀኝ፣ በመሃል፣ በግራ። ትንሿን ቁጥር ያዝ። ከእሷ ላይ ነው ለሲልከኑ ክፍተት የምትቀንሰው። ልስኑ ካላለቀ ደግሞ አትለካ። ስንቱ ነው ልስን ሳይወጣ ለክቶ ፍሬሙ አልገባ ያለው።

ለስኳድራውም እኛ ሦስት አራት አምስት እንላለን። ከጥጉ በአንድ በኩል 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ምልክት አድርግ። በመሃላቸው ያለው 100 ከሆነ ጥጉ ልክ ነው። ይህን በሜትር ነው የምታደርገው፣ በሌዘር አይመችም። ስለዚህ ሌዘሯን ስትገዛ ቱንቢህንና ውሃ ልክህን ከቦርሳህ እንዳታወጣ።

አልሙኒየም ደሴ ፡ ረቡዕ ማታ 3:41

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሦስት ቦታ መለካቱን አደርገው ነበር፣ ትንሿን መያዙ ላይ ግን አንዳንዴ አማካይ እወስድ ነበር። ከአሁን በኋላ ትንሿን ነው።

ሰርቬየሯ ፡ ረቡዕ ማታ 4:15

ቃል የገባሁትን ፈተና ይኸው። ከአንተ የሚፈልገው ቾክና አንድ ካርቶን ብቻ ነው።

ሱቁ በረንዳ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር ሦስት ምልክት አድርግ። ሀ፣ ለ፣ ሐ በላቸው። ለ በሁለቱ መሃል ነች፣ እኩል መሃል ባትሆንም ግድ የለም። ካርቶኑን መድረሻው ምልክት ላይ እያቆምክ ከሀ እስከ ለ ለካ። ከለ እስከ ሐ ለካ። ከዚያ ከሀ እስከ ሐ በአንድ ጊዜ ለካ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደምር። ድምሩ ከሦስተኛው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ መሣሪያው በየልኬቱ ላይ የሚጨምራት ወይም የሚቀንሳት ቋሚ ስህተት አለችው። ልዩነቱ ራሱ የስህተቷ መጠን ነው፣ ምክንያቱም ድምሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብታለች፣ ሙሉው ውስጥ አንድ ጊዜ። እኛ ቶታል ስቴሽን (ሰርቬየር ርቀትና ማዕዘን የሚለካበትን መሣሪያ) የምንፈትነውም በዚሁ መንገድ ነው። የማንንም ሜትር ማመን አያስፈልግህም፣ መሣሪያው ራሱን ያጋልጣል።

አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ልዩነት ይለፈው። ከዚያ በላይ ከሆነ መልሰው። አንድ የማይነግርህ ነገር አለ፤ መሣሪያው ሜትሩን ሁሉ በእኩል የሚያሳጥር ወይም የሚያስረዝም ከሆነ ይህ ፈተና አያሳይም። ለእሱ አዲስ የብረት ሜትር ይዘህ ሂድና 5 ሜትር ላይ አስተያየው። ክላስ 2 የሚል የብረት ሜትር (ይህ የልኬት ጥራት ደረጃ ነው እንጂ የሌዘሩ ክላስ አይደለም) 5 ሜትር ላይ የተፈቀደለት ስህተት 1.3 ሚሊ ነው። ያረጀውን፣ ጫፉ የታጠፈውን ግን አትውሰድ። ጫፏ ላይ ያለችው መንጠቆ የምትወዛወዘው ተበላሽታ አይደለም፤ ስትስባትም ስትገፋትም የራሷን ውፍረት እንድታካክስ ነው። በመዶሻ አጥብቀው የሚመቷትን አይቻለሁ። እንዲያ አታድርጉ።

ቤት ሠሪዋ ሮቢት ፡ ሐሙስ ቀን 8:05

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። አልሙኒየም ሠራተኛ አይደለሁም። ሮቢት በኩል ቦታ አለኝ፣ ተዳፋት ነው። አጥር ላሳጥር ነው። ሠራተኛው በሌዘር ለክቶ ጎኑ 30 ሜትር ነው አለኝ። ካርታዬ ላይ 29 ነው የሚለው። ጎረቤቴ «አንዷን ሜትር ከኔ ወስደሻል» ብሎ ተቀይሟል። ማን ነው ልክ?

ሰርቬየሯ ፡ ሐሙስ ማታ 1:10

እህቴ፣ ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው። ካርታ የሚሠራው በአግድም ርቀት ነው፤ መሬቱን ከላይ ሆነው እንደሚያዩት። ሠራተኛው የለካው ግን ተዳፋቱን ተከትሎ ነው። መሬትሽ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል 30 ሜትር ተዳፋት በአግድም 28.98 ይሆናል። ደሴ ላይ 15 ዲግሪ ምንም አይደለም፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዝንባሌ መለኪያ ያለው ሌዘር ይህን ራሱ ያሰላዋል፤ ቦሽ ጂ.ኤል.ኤም. 50 ሲ እና ላይካ አንዳንዶቹ ሞዴሎች አላቸው። ሠራተኛው አግድሙን አንብቦ እንዲነግርሽ ጠይቂው።

ለድንበር ግን በእጅ ሌዘር አትዳኙ። ችካሉ የት እንደሆነ የሚያሳይሽ የማዘጋጃው ሰርቬየር ነው። አጥሩ ሳይጀመር አስለኪ፤ ጎረቤትሽም ባለበት ይሁን።

ቤት ሠሪዋ ሮቢት ፡ ሐሙስ ማታ 1:32

አልሐምዱሊላህ! ይህንን አሁኑኑ ለጎረቤቴ አነብለታለሁ። ሦስት ቀን ቡና አልተጠራራንም ነበር።

አልሙኒየም ደሴ ፡ ቅዳሜ ማታ 1:50

ዛሬ ገዛሁ። እንዳላችሁኝ ቾክ፣ ካርቶንና አዲስ የብረት ሜትር ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ኋላ ግን ራሱ ካርቶኑን ያዘልኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ስሙን የማላውቀውን፣ 80 ሜትር የሚለውን ነው። ከሀ እስከ ለ 3.412። ከለ እስከ ሐ 4.287። ድምሩ 7.699። በአንድ ጊዜ ስለካው 7.691። 8 ሚሊ! ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ከዚያ 40 ሜትሩን፣ ጅራት ያለውን፣ ስሙ የታወቀውን አስወጣሁ። 3.404፣ 4.279፣ ሙሉው 7.684። ድምሩ 7.683 ነው። አንድ ሚሊ ብቻ። በብረት ሜትሩም 5 ሜትር ላይ አስተያየሁት፣ ገጠመ። እሱን ወሰድኩ። ሲጠፋና ሲበራ ወደ ኋላ ጠርዝ ይመለሳል፣ አይቻለሁ። ባለሱቁ ያልወሰድኳትን ሌዘር ራሱ ሲፈትናት ትቼው ወጣሁ።

የሐረጎ ልጅ ፡ ቅዳሜ ማታ 2:02

መብሩክ! ብዙ ቀን የማትሠራበት ከሆነ ባትሪውን አውጥተህ አስቀምጥ። ፈሳሹ ከወጣ መነካኪያውን ይበላዋል። ደሴ ላይ አሁን ጉሙ ስለከበደ መስታወቷ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ በንጹህ ጥጥ ጨርቅ ጥረጋት። በሸሚዝህ እንዳትጠርጋት፣ የአልሙኒየም ብናኝ ይቧጭራታል።

አልሙኒየም ደሴ ፡ ሰኞ ማታ 2:25

ዛሬ ሆጤ፣ ያው ሦስተኛ ፎቅ ተመለስን። ጉሙ አዝዋን ጭራሽ ሸፍኖት ነበር። መጀመሪያ አንዱን መስኮት በሁለቱም ለካሁ፤ ሜትሩ 1.462፣ ሌዘሩ 1.461። ከዚያ ቀጠልኩ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። አንዱ መስኮት ላይ ከላይና ከታች 9 ሚሊ ልዩነት ነበረው፣ ሰያፎቹም አልገጠሙም። ጋሽ ቱንቢ፣ እርስዎ ያሉት ነው፤ ትንሿን ያዝኩ፣ ለፎርማኑም አሳየሁት። ልስኑን ነገ ያስተካክላሉ።

ረዳቴ ክፍሉ መሃል ቆሞ ቁጥሩን እየጻፈልኝ ነበር። ወደ መስኮቱ አንዴም አልተጠጋም።